የፈረመ ይሳፈራል

ኮቱ የእሷ አልነበረም።

ልብስ ማጠቢያው ቤት ውስጥ ተራዋን እየጠበቀች ይህንኑ ለራሷ ደጋገመችው። የእሷ አይደለም፤ ግን የራሷ እንደሆነ አድርጋ ትቀበለዋለች። ከፊቷ አንዲት ወፍራም ሴትዮ «መጋረጃዬን አሳጥራችሁብኛል» እያሉ ከባለሱቁ ጋር ይጨቃጨቃሉ። በመስታወቱ በር በኩል፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ግራጫ ጃኬት የለበሰ ሰው ቆሞ ጋዜጣ ያነባል። ገጹን ግን አይገልጥም።

ገጽ የማይገልጥ አንባቢ፣ አንባቢ አይደለም።

ሴትዮዋ «እግዜር ይይላችሁ!» ብለው መጋረጃቸውን ይዘው ወጡ። ባለሱቁ አንድ ጥቁር ኮት ከመስቀያው አወረደ።

«እድፉ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም» አላት።

«ግድ የለም። ከላይ ሌላ እደርብበታለሁ።»

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነው። ባለሱቁ ቀና ብሎ እንኳን አላያትም። ኮቱን ስትቀበል አውራ ጣቷን በኮሌታው ስር ሰደደች። ጥፍር የምታክል ጠንካራ ነገር አለች። ሚሞሪ ካርዷ።

ወጣች። ግራጫው ጃኬት ጋዜጣውን አጠፈ።

ተከተላት።

አልሮጠችም። የሚሮጥ ሰው ራሱን በራሱ ያጋልጣል። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ቆም ብላ በመስታወቱ አየችው። እየመጣ ነው። ጫማ መሸጫው ገብታ በጓሮ በር ወጣች፤ ጠባቧን መንገድ አቋርጣ አንድ አውቶቡስ በሩን ሊዘጋ ሲል ዘላ ገባች። በኋላው መስኮት ዞር ብላ ስታይ፣ ግራጫው ጃኬት የባለመጋረጃዋን ዘንቢል ተሸክሞ፣ እሳቸው እየተነጫነጩበት፣ ከኋላ ከኋላቸው ኩስ ኩስ ይላል።

ባልየው ኖሯል!

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። ዛሬ አልሳቀችም። እንዲያውም እውነተኛ ተከታይ ቢሆን ሳይሻላት አይቀርም። ቢይዛት ኖሮ የነገውን ሥራ አትሠራም ነበር።

በምትሠራበት የሊፍት ፋብሪካ «አዲሷ» ይሏታል። ከእሷ በኋላ ስንቱ ተቀጥሮ ስንቱ ለቋል፤ እሷ ግን አሁንም አዲሷ ናት። ቅጽል ስም እንደ ማስቲካ ነው፤ አንዴ ከተጣበቀ በምን ይለቃል! የላኳት ሰዎች ደግሞ «መቀስ» ይሏታል። እሷ እነሱን «ቤቱ» ትላቸዋለች። እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት ሰው ከጠፋ ቆይቷል፤ ቢጠሯትም ዞር ማለቷን እንጃ።

የምትሠራው ሙከራ ክፍል ነው። ሊፍቱን የሚያዘው ኮምፒዩተር ነው፤ ኮምፒዩተሩና ፍሬኑ ግን በቀጥታ አይግባቡም። በመካከላቸው ቆሞ የሚያስተረጉም ሶፍትዌር አለ፤ ድራይቨር ይሉታል። ኮምፒዩተሩ «ያዝ» ሲል ለፍሬኑ ይነግራል፤ ፍሬኑ «ይዣለሁ» ሲል ደግሞ መልሶ ያደርሳል። ሰሞኑን ይህ አስተርጓሚ አመል አወጣ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እንቅልፉ ቶሎ አይለቀውም። ሊፍቱ በሁለት ፎቅ መካከል ተገትሮ ይቀራል፤ ውስጥ ያለው ሰው ግድግዳ ይደበድባል። ፕሮግራመሮቹ ማስተካከያ ጻፉለት። አሁን የቀረው የሙከራውን እቅድ መገምገም ነው።

እዚያ ቤት ደግሞ ግምገማ ማለት ጋሼ ቢሆንስ ናቸው።

የሙከራ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ልጆቹ ናቸው፤ እቅድ በቀረበ ቁጥር በየመስመሩ «ቢሆንስ? ቢሄድስ? ቢመጣስ?» ስለሚሉ። አንዱን ሲያስተካክሉ ጤነኛውን ማበላሸት የሙያው ትልቁ ስጋት ነው። መጻሕፍቱ ረጅም ስም ሰጥተውታል፤ እሳቸው ግን «ቅንድብ ላበጅ ብላ ዓይን አጠፋች» ይሉና ያልፋሉ። አንድ ሕግም አቁመዋል። የሙከራ እቅዱ ላይ የፈረመ ሰው፣ አዲሱ ድራይቨር በተጫነበት ሊፍት መጀመሪያ ራሱ ይሳፈራል። በእግሩ ከወረደ ፋይሉ ለየህንፃው ይላካል። ካልወረደ አይላክም። «የፈረመ ይሳፈራል» ይላሉ። ወረቀት ላይ አልተጻፈም፤ የሚጥሰው ግን የለም።

ቤቱ የፈለገው ደግሞ የእሳቸውን ፊርማ ነበር።

ሥራውን የነገራት «አጎቴ» ነው። ዘመዷ አይደለም፤ የሥራ ስሙ ነው። መኪናው ውስጥ፣ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ።

«ካርዷ ላይ የራሳቸው ማስተካከያ አለ። የኛ ሰዎች ትንሽ ነገር ጨምረውበታል። በእነሱ ፋይል ቦታ ታስገቢዋለሽ።»

«ምን ጨመሩበት?»

«መብራት በላይ በላዩ ሁለቴ ሲቋረጥ ሊፍቱ ቆሞ ይቀራል። እንግዳው ውስጡ ይታሰራል። እሱ እስኪወጣ ሰዎቻችን ቢሮው ገብተው ይወጣሉ።»

እንግዳው በከተማው ማዶ፣ በረጅሙ ህንፃ የሚሠራ ሰው ነው። ምን እንዳጠፋ አልነገራትም። ባለፈው ሳምንትም ለሁለት ሰዎች የፋብሪካውን መታወቂያ አውጥታላቸው፣ በጥገና ስም እዚያ ህንፃ አስገብታቸው ነበር። ያኔም የነገራት የለም።

«ሰው ይጎዳል?»

«የማንም ፀጉር አይነካም። ብቻ የሁለቴዋ መቋረጥ የሙከራ እቅዱ ውስጥ እንዳትገባ። አንቺም እንዳትሞክሪያት።»

እንዳትሞክሪያት። እዚህ ላይ «ለምን?» ማለት ነበረባት። ሥራዋ መሞከር የሆነ ሰው አትሞክሪ ሲባል እንዴት አይጠይቅም? አልጠየቀችም። ኋላ ሆዷን የበላት ይህ ነው፤ የዋሸችው ሳይሆን ያልጠየቀችው።

ጠዋት ፋይሉን ቀየረችው። ጊዜ አልፈጀም።

የግምገማው ክፍል ጠባብ ነው። ጠረጴዛው ወንበሮቹን ግድግዳ ላይ ለጥፏቸዋል። ሁለቱ ፕሮግራመሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ፈተና ላይ እንዳሉ ተማሪዎች። በሩ ጋ መካኒኩ ጎማ አለ። ሲራመድ ስለሚነጥር ነው ጎማ ያሉት።

ጋሼ ቢሆንስ መነፅራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ።

«ሙሉ ጭነት ይዞ እየወረደ ሳለ መብራት ቢሄድስ?»

«አለው ጋሼ» አለች።

«በሩ እየተዘጋ ሳለ ቢሄድስ?»

«እሱም አለው።»

«አሮጌው የፍሬን ካርድ ያለበት ህንፃ ላይ ቢጫንስ?»

አንደኛው ፕሮግራመር አንገቱን ደፋ። «እ… እሱን አላሰብነውም።»

«ይግባ! በአሮጌ ህንፃ የሚኖር ሰው ሰው አይደለም?»

«ጋሼ፣ የምጽአት ቀን ቢመጣስ የሚለውን ረሱት» አለ ጎማ።

«ያን ቀን ሊፍቱ ወደ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው። አንተ በደረጃ ትወርዳለህ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። ወዲያው ሽማግሌው እስክሪብቷቸውን አንስተው በህዳጉ ላይ አንድ መስመር በእጃቸው መጻፍ ጀመሩ። ምን እንደሚጽፉ ከመናገራቸው በፊት አወቀችው።

«መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ተነሳ። ወዲያው ደግሞ እሱም ቢቋረጥስ? የኛው ጄኔሬተር እንኳን ሲነሳ ያስነጥሰው የለ?»

«ያስነጥሰዋል እንጂ» አለ ጎማ። «ጉንፋን ይዞታል እኮ።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። እቅዱን የጻፈችው እሷ ናት።

«እሱን ሞክሬዋለሁ ጋሼ።»

«መቼ?»

«ትናንት። የሙከራ ጠረጴዛው ላይ። ፍሬኑ ይዟል።»

ዓይኗን በጨው ታጥባ። ድምጿ እንኳን አልተንቀጠቀጠም፤ ቤቱ ያሠለጠናት ለዚህ ነው።

ሽማግሌው በመነፅራቸው አናት አዩዋት። ረጅም አስተያየት ነው። ጎማ ክርክሩን ለመስማት ወንበሩን ሳብ አደረገ፤ ጋሼ ቢሆንስ የማንንም ቃል ተቀብለው አያውቁማ። አባታቸው ከመቃብር ተነስቶ «ሞክሬዋለሁ» ቢላቸው «አሳየኝ» የሚሉ ሰው ናቸው።

«እንግዲያው አንቺ ካልሽ አለቀ» አሉ።

የጻፉትን መስመር ሰረዙት።

ጎማ አፏጨ። «ጉድ ፈላ! ሰው አመኑ!»

«ዝም በል አንተ። ይቺ ልጅ ዋሽታኝ አታውቅም» አሉና ፈረሙ። «ከምሳ በኋላ እሳፈራለሁ።»

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች።

በምሳ ሰዓት ጋሼ ቢሆንስ ጠረጴዛዋ አጠገብ መጡ። እንደ ወትሮው ሁለት ምሳ ዕቃ ይዘዋል። ቀዩ የእሳቸው ነው፤ ሰማያዊው የእሷ። አንድ ሰሞን አሟት በሰነበተች ጊዜ ባለቤታቸው ጀመሩት፤ ከዚያ ወዲህ አልቀረም።

«ውሰጂ ልጄ። እትዬሽ ‹ያቺ ልጅ ከሳች፣ የሚያሳስባት ነገር አለ› ብላለች። አለ እንዴ?»

«ኧረ ምንም የለም ጋሼ።»

«ካለ ንገሪኝ። አባት ማለት ሌላ ምን ሥራ አለው!»

እሳቸው ወደ ማማው ሄዱ። ማማው ከግቢው ዳር የቆመ፣ ውስጡ ሊፍት ብቻ ያለበት ረጅም የሙከራ ህንፃ ነው። እሷ የምሳ ዕቃውን ከፈተች። አንድ ጉርሻ ወሰደች። ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።

ተነስታ ወደ ሙከራ ጠረጴዛው ሄደች።

የምትሠራው ነገር ከሙያዋም ከተልዕኮዋም ጋር አይሄድም። ብቻ ውሸቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል። ሞክሬዋለሁ ብላለች፤ አሁን ብትሞክረው፣ ሊፍቱ ቆሞ ሲቀር በዓይኗ ብታየው፣ ቢያንስ ግማሹ እውነት ይሆንላታል። ልጅ ሆና ሳትጸልይ «ጸልያለሁ» ብላ ኋላ ብርድ ልብሱ ውስጥ ትጸልይ እንደነበረው።

ጠረጴዛው ላይ እውነተኛ ፍሬን ታስሯል። ከላዩ ማይክሮፎን ተንጠልጥሏል፤ የፍሬን ጤንነት በድምፁ ስለሚታወቅ ሙከራ በተጀመረ ቁጥር ድምፅ ይቀዳል። ማብሪያውን አወረደችው። ጠፋ። መለሰችው። ወዲያው ደግሞ አወረደችው።

ፍሬኑ «ቀጭ» ብሎ መንከስ ነበረበት።

ዝም።

ቀረብ ብላ አየች። የፍሬኑ ጥርሶች ክፍት ናቸው። በስክሪኑ ላይ ግን ድራይቨሩ «ይዣለሁ» ይላል።

ደግማ ሞከረች።

ክፍት።

ይህ ሊፍት ቆሞ አይቀርም። ይህ ሊፍት ይወድቃል።

ስልኳን አወጣች። ማብሪያውን ሳትለቅ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በድምፅ ማጉያው ደወለች።

«አጎቴ። አይቆምም። ይወድቃል።»

«አትሞክሪ አላልኩሽም?»

ሲያውቅ ኖሯል። ከመጀመሪያው።

«ሰው አይጎዳም ብለኸኝ ነበር!»

«አንቺም ማመን ፈልገሽ ነበር፤ አመንሽ።»

«መንጋጋው ይይዘዋል» አለች። ሊፍት ከልኩ በላይ ሲፈጥን ሐዲዱን የሚነክስ የብረት መንጋጋ አለው። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ከድራይቨር ጋር አይተዋወቅም። «ቢወድቅም መንጋጋው ይይዘዋል።»

«እንግዳው ህንፃ ላይ አይዘውም። ያስገባሻቸው ጠጋኞች ምን ሊሠሩ የገቡ መሰለሽ?»

አፏን በእጇ ያዘች።

«ሽማግሌው አሁን ሊሳፈሩ ነው» አለች። «የኛ ጄኔሬተር ሲነሳ ይቋረጣል።»

«የናንተ ማማ መንጋጋ አለው። አይሞትም። ግን ከተሰበረ ፋይሉ አይወጣም። ስለዚህ ጄኔሬተሩን አጥፊው። በዋናው መብራት ብቻ ይሳፈር፣ በሰላም ይውረድ፣ ፋይሉ ይላክ።»

«ከዚያስ? እንግዳው ሲሞት ማን ይጠየቃል?»

«የፈረመው ነዋ።»

ስልኩ ተዘጋ።

እግሬ አውጪኝ አለች። በግቢው ውስጥ ስትሮጥ አይቷት የማያውቀው ዘበኛ «ምን ሆነሽ?» ብሎ ጮኸ። ማማው ውስጥ ስልክ አይገባም፤ በር ላይ ነው የሚተወው። መድረስ ነው ያለባት።

መጋዘኑ ጋ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በግራ ጄኔሬተሩ፣ ቅርብ ነው። በቀኝ ማማው፣ ራቅ ይላል።

ቆመች።

በግራ ብትሄድ ጋሼ ቢሆንስ ዛሬ በእግራቸው ይወርዳሉ። ማንም አያውቅባትም። እሷም አዲሷ እንደሆነች ትቀራለች፤ ሰማያዊውም ምሳ ዕቃ ነገ ይመጣል። የሚሞተው የማታውቀው ሰው ነው። እስር ቤት የሚገቡት ሽማግሌ ደግሞ… እሱ ነገ ነው። ስለ ነገ ነገ ይታሰባል።

በግራ አንድ እርምጃ ሄደች። ሁለተኛም።

ከዚያ «ይቺ ልጅ ዋሽታኝ አታውቅም» የሚለው ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ። ዞረች። በቀኝ ሮጠች።

ያቺ ቅጽበት ናት የበላቻቸው። ይህን እስከዛሬ ታውቀዋለች። ባትቆም ኖሮ ትደርስ ነበር።

የማማውን በር በትከሻዋ በረገደችው።

«ጎማ! አትቁረጥ!»

ጎማ ዞር አለ። እጁ ግን ማብሪያውን አውርዶታል።

መብራቱ ጠፋ።

ጄኔሬተሩ ተነሳ።

አስነጠሰ።

ገመዱ ማፏጨት ጀመረ። ከላይ አንድ ነገር፣ ከባድ ነገር፣ እየፈጠነ መጣ። ጎማ «ኧረ ጋሼ! ኧረ ጋሼ!» ይላል። ከዚያ መንጋጋው ሐዲዱን ነከሰ። ብረት በብረት ላይ ሲጮህ ማማው እንዳለ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ጸጥ አለ።

በጸጥታው ውስጥ አንድ ድምፅ ከሊፍቱ ወጣ።

«ያዘ?» አሉ ጋሼ ቢሆንስ። «ጎማ፣ መንጋጋው ነው የያዘው?»

«አዎ ጋሼ!»

«እንግዲያው ፋይሉን እንዳትልኩ። እኔ በእግሬ አልወርድም። እግሬ ተሰብሯል።»

ሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው ያስተኟቸው። ዳሌያቸውና ጭናቸው ተሰብሯል። ሐኪሙ «ያለ ምርኩዝ አይሄዱም» ብሏል። ከክፍሉ ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ የአደጋውን ምክንያት የምታጣራ መርማሪ ተቀምጣ ማስታወሻዋን ትጽፋለች።

«ነገርኳት» አሉ ጋሼ ቢሆንስ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የሁለቴዋን ሙከራ የሰረዝኳት እኔ ነኝ አልኳት። የአንቺን ስም አላነሳሁም።»

«ጋሼ፣ ለምን?»

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ሥራ ያስፈልግሻል። እኔ ከእንግዲህ ምን እሆናለሁ? ጡረታዬን ቢከለክሉኝ ነው። ወይም ቢያስሩኝ። በምርኩዝ የሚሄድ ሰው እስር ቤትም ሆነ ቤት ያው ነው።»

እንባዋ መጣ። መለሰችው።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አሉ። «ሞክረሽው ነበር አይደል?»

እዚያ ላይ እውነቱን ብትነግራቸው። አልጋው ዳር ተንበርክካ ሁሉን ብትዘረግፈው። አፏ ግን የለመደውን አወጣ።

«አዎ ጋሼ። ሞክሬው ነበር።»

ፊታቸው ፈካ። ያ ፊት ባይፈካ ኖሮ ምናለ!

«አውቄ ነበር። እንግዲያው የከዳን ማሽኑ ነው። ማሽን ይከዳል፤ ሰው ካልከዳ ምን ችግር አለ።»

ኮሪደሩ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪም ክንዷን ያዛት። ሐኪም አልነበረም። አጎቴ ነው።

«አበላሸሽው» አላት ፈገግ እያለ። ላየው ሰው ስለ በሽተኛ የሚያወሩ ይመስላሉ። «ግን ይስተካከላል። ሽማግሌው ጥፋቱን በራሱ ላይ ወስዷል። ያንቺ ስም ንጹህ ነው። ሌላ መንገድ እንፈልጋለን፤ እንግዳው ህንፃ ላይ መንጋጋው እንደሆነ አሁንም የለም።»

«እሳቸውስ?»

«ሰውየው ራሱ ፈቅዶ ገባ። አንቺን ምን አገባሽ?»

«ካርዷ?»

«አምጪያት።»

«ቤት ናት» አለች። ካርዷ ቦርሳዋ ውስጥ ነበረች። «ታች ጠብቀኝ። ሽማግሌውን ተሰናብቼ ልምጣ፤ አለዚያ ይጠረጥራሉ።»

አመናት። ለምን አያምናት? መዋሸትን ያስተማራት እሱ ነው። ሊፍቱ ሲከፈት ገባ። በሩ እስኪዘጋ ድረስ ፈገግ ብላ አየችው።

የጋሼ ባለቤት፣ እትዬ፣ በክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ዓይናቸው አብጧል። ሰማያዊውን ምሳ ዕቃ ከቦርሳዋ አወጣችው። አጥባዋለች። ውስጡ ሦስት ነገር አለ፦ ካርዷ፣ የሙከራ ጠረጴዛው የቀዳው ድምፅ ያለበት ፍላሽ፣ የሥራ መታወቂያዋ። ድምፁ ላይ የፍሬኑ ዝምታ አለ። የእሷ ጩኸት አለ። የአጎቴ «የፈረመው ነዋ» አለ። የትኛውም ሰላይ ክፍት ማይክሮፎን ስር አይደውልም፤ እሷ ግን ያን ጊዜ ሰላይ መሆኗን ረስታ ነበር።

«እትዬ፣ ዕቃዎትን ላስረክብዎት።»

«ውይ የኔ ልጅ፣ በዚህ ሰዓት ስለ ዕቃ ታስቢያለሽ?» ተቀብለው ነቅነቅ አደረጉት። «ባዶ አይደለም። ምን አስቸገረሽ!»

«ለመርማሪዋ ይስጡልኝ። አሁኑኑ። እስክትከፍተው ከእጅዎ እንዳይወጣ። ጋሼን ነፃ የሚያወጣ ነገር ነው።»

«ነፃ?» ሴትዮዋ ዕቃውን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። «የማታ ማታ ደርሰሽልን! እኔስ እላለሁ፣ ይቺ ልጅ ለእኛ የተላከች ናት።»

ጎትተው ሳሟት። ግራ ጉንጯን፣ ቀኝ ጉንጯን፣ ደግሞ ግራውን። እያንዳንዱ መሳም እንደ ጥፊ ያርፍባት ነበር። የተላከች ናት። እውነታቸውን ነው።

እትዬ ወደ መርማሪዋ ሲራመዱ እሷ በድንገተኛ መውጫው በር ገባች። በደረጃ ወረደች። በኩሽናው በኩል ወጣች። የአጎቴ መኪና ዋናው በር ላይ ሞተሩን እንዳስነሳ ቆሞ ነበር። ጥቂት ቆይቶ፣ መርማሪዋ የጠራቻቸው ፖሊሶች በዚያው በር ሲገቡ ከመንገዱ ማዶ አየች። ዞራ ሄደች።

እንግዳው ዛሬም በሕይወት አለ። ስሙን እስካሁን አታውቀውም። መንጋጋው ተመልሶ ተገጥሟል። ልብስ ማጠቢያው ቤት ተዘግቷል፤ ባለመጋረጃዋም ሌላ የሚጨቃጨቁበት ሱቅ ሳያገኙ አይቀሩም። ይህን ሁሉ ከጋዜጣ ነው ያነበበችው። ስለ እሷ «ያልተያዘች አንዲት ሴት» ይላል። ስለ ሽማግሌው «ከጥፋቱ ነፃ መሆናቸው ተረጋግጦ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል» ይላል። ያን አረፍተ ነገር ቆርጣ ልትይዘው ፈለገች፤ የሚሰወር ሰው ግን ወረቀት አይይዝም። በቃሏ ያዘችው።

አሁን ሌላ ከተማ ናት። ሌላ ስም አላት። አምስተኛ ፎቅ ላይ ልብስ ትተኩሳለች። ባልደረቦቿ «ሊፍት እያለ ምን አለፋሽ?» ሲሏት «ለጤና ነው» ትላለች።

አንድ እሁድ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ከሱቅ ስልክ ደወለች። የጋሼን ቤት ቁጥር ጣቷ ያውቀዋል።

ምርኩዝ ወለሉን ሲመታ ተሰማ። ቀስ ብሎ መጣ።

«ማነው?» አሉ ጋሼ ቢሆንስ።

አፏን ከፈተች። «ጋሼ» ማለት ብቻ ነው የፈለገችው። አልወጣም።

«ማነው እሱ?» የእትዬ ድምፅ ከሩቅ።

«እንጃ፤ አይናገርም» አሉ። ግን አልዘጉትም። ትንፋሻቸው ይሰማታል። የእሷም ሳይሰማቸው አይቀርም። በመነፅራቸው አናት የሚያዩዋት መሰላት።

«ጠይቄሽ ነበር እኮ» አሉ በመጨረሻ፣ እትዬ እንዳይሰሙ ቀስ ብለው። «ቢሆንስ ብዬ ጠይቄሽ ነበር።»

ልጄ አላሏትም።

ስልኩ ተዘጋ። ባለሱቁ «ጨረሽ?» አላት፤ ጨርሻለሁ አለች። የምሳ ሰዓቱ አልቆ ስለነበር ወደ ሥራዋ ተመልሳ ደረጃውን በእግሯ ወጣች።